ካላደረች የማትወጣ መኪና

ደህና ከሆነ ለምን ይሸጣል?

ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ተሸክሜው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ከእማዬ ጋር ገበያ ሄደን፣ ከኩታበር የመጣች አንዲት ሴት ዶሮ ታቅፋ ተቀምጣ አገኘን። እማዬ ዶሮዋን ተቀብላ በእጇ መዘነቻት፣ ደረቷን ዳበሰች፣ ክንፏን ገለጥ አድርጋ አየች። ሴትዮዋ ደግሞ የዶሮዋን ታሪክ ትተርክልናለች፦ እንቁላል አታቋርጥም፣ ከደጅ አትርቅም፣ የጎረቤት ጓሮ ገብታ ሰው አታጣላም። ይህን ሁሉ አፌን ከፍቼ ስሰማ ቆየሁና ከልቤ ገርሞኝ፣ «ታዲያ እንዲህ ደህና ከሆነች ለምን ትሸጫታለሽ?» አልኳት። ሴትዮዋ ሳቀች። እማዬ አልሳቀችም። ማንም ሳያያት ክንዴን ቆነጠጠችኝና፣ መንገድ ስንጀምር «ሰው እንዲህ አይባልም» አለችኝ። ለምን እንደማይባል ግን አልነገረችኝም። ዶሮዋን ገዝተን ሄድን። እንቁላል ትጣል አትጣል ረስቼዋለሁ። ቁንጥጫውን አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ከሆዴም አልወጣ። መሥሪያ ቤት ውስጥ «እጅግ ትጉህ ሠራተኛ» ተብሎ የተጨበጨበለት ሰው በሳምንቱ ወደ ሩቅ ወረዳ ሲዛወር አይና፣ በልቤ «ደህና ከሆነ ለምን ያዛውሩታል?» እላለሁ። ጥያቄው ወደ እኔም ይመጣል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ደሴ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥሬ፣ ከመደርደሪያ ጋር ስነጋገር ዓመታት አልፈዋል። ሰርግ ላይ የእማዬ ወዳጆች ከራስ እስከ እግር ያዩኝና «ጨዋ ናት፣ የተማረች ናት፣ መልኳም ደህና ነው» ይባባላሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ። የዶሮዋ ጥያቄ ናት።

እንዲህ ያለች ሴት ያገለገለ መኪና ልግዛ ብላ ስትነሳ ምን እንደሚያጋጥማት እናንተው ገምቱ።

መኪና ለምን አስፈለገሽ የምትሉኝ ከሆነ፣ ለእኔ አይደለም። ለሁለት እህቶች ነው። እማዬ ደሴ፣ ሆጤ ትኖራለች። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ ዘይነብ፣ ኮምቦልቻ ነች፤ እዚያ አግብታ፣ እዚያ ሰልማ፣ እዚያ ወልዳ፣ እዚያው አርጅታለች። በመካከላቸው ሐረጎ አለ። ሐረጎን ላላያችሁት፦ ደሴ ላይ ብርዱ ውስጥ ተኮራምታለች፣ ኮምቦልቻ ታች ሙቀቱ ውስጥ ተዘርግታለች፣ ሐረጎ ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኘው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ከታች ለሚመጣ ሰው ዳገት ነው ለማለት ነው። አክስቴ አስም አለባት፤ የደሴ ብርድ ትንፋሿን ስለሚይዛት መውጣት ትታለች። እማዬ ደግሞ ጉልበቷ አይታጠፍም፤ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቱን ላላጠፈ ሰው ቦታ የለም፤ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ የሚገባው ሰው ጉልበቱን ጭምር ይዞ አይገባም። ስለዚህ አንዷ አትወጣም፣ አንዷ አትወርድም። በስልክ ይገናኛሉ። እሱም «ትሰሚኛለሽ?» «አንቺስ ትሰሚኛለሽ?» ሲባባሉ ካርዱ ያልቃል።

«ኮንትራት አትይዥላትም?» ትሉኝ ይሆናል። ያዝኩላት። ሹፌሩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ጥፋቱም ጨዋነቱ ነው። ከአክስቴ ደጅ መኪናውን አቁሞ፣ ቀስ በሉ፣ እጠብቃለሁ ብሎ ጥላ ስር ተቀመጠ። እማዬ ገና ከመቀመጧ «ሰውዬው ሜዳ ላይ ቀረ» አለች። ምሳ ተላከለት። «እንግዲህ ከበላ መሄድ ይፈልጋል» አለች። አክስቴ ክርስቲያን ጎረቤቷን ለምና ዶሮ አሳርዳ፣ ለእህቷ ብላ ለብቻ በምታስቀምጠው ድስት ሠርታ ጠብቃታለች፤ እማዬ ግን በአንድ ዓይኗ ወጡን፣ በአንድ ዓይኗ በሩን እያየች ጎረሰች።

«በቃ እደሪ፣ እትዬ» አለቻት አክስቴ።

«ቤቴን ለማን ጥዬ?»

ቤቷ ውስጥ ያለነው እኔና አንድ ቁም ሳጥን ነን። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

አገራችን እንዲህ ነው። እንግዳ «እደር» ይባላል፤ እንግዳም «አላድርም» ይላል፤ ሁለቱም የሚገባቸውን ብለዋልና ይለያያሉ። ማደር የሚያምረው ሰው እንኳ ካለ ምክንያት ቢያድር ቤት የሌለው ይመስልበታል። ወንዝ ይሙላ፣ መኪና ይጥፋ፣ አንድ ነገር ይሁን እንጂ እንዲሁ «ልቆይ እፈልጋለሁ» ተብሎ አይታደርም። አክስቴ ደጅ ድረስ ሸኘችን። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ አጎንብሳ፣ «እትዬ፣ ፊትሽን እንኳ በደንብ አላየሁት» አለቻት። እማዬ ሐረጎን ወጥተን እስክንጨርስ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ ኮምቦልቻን ታይ ነበር። እኔም በሆዴ፣ የሚጠብቅ ሰው የሌለበት መኪና ነው የሚያስፈልገን አልኩ።

ከዚያ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። እሱን የማወራው አቅም ሲኖረኝ ነው። ቀጥሎ መጽሐፍ ፈለግኩ፤ እኔ የማላውቀውን ነገር የምፈልገው እዚያ ነው። ከቤተ መጻሕፍታችን ጥግ ሽፋኑ የተገነጠለ ስለ መኪና የተጻፈ መጽሐፍ አግኝቼ፣ ያገለገለ መኪና ስለመግዛት የሚለውን ምዕራፍ ገለጥኩ። ገዢው ከሁሉ በፊት ሻጩን ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ ይናገራል። ምን ይመስላችኋል? ለምን እንደሚሸጥ። ክንዴን ዳበስኩት።

መኪና ልገዛ መሆኔ በመሥሪያ ቤቱ ሲሰማ፣ ወንድ የሆነ ሁሉ መካኒክ ሆነ። አንዱ ሞተሯ ያልተከፈተ ይሁን ይላል። ሌላው የተከፈተ ሞተር ነው የታወቀ ሞተር ይላል። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ነጭ ቀለም ካልሆነች መልሰሽ አትሸጫትም አለኝ፤ ገና ሳልገዛ መሸጫዬን አሰበልኝ። ራሱ መኪና የለውም። መኪና ያላቸው ሁለቱ ሰዎች ምንም አልመከሩኝም። በሐዘኔታ ነው ያዩኝ።

ደላላው ሰይድ ይባላል። ደሴ ውስጥ በእሱ እጅ ያላለፈ ያረጀ ነገር የለም። ያጠራቀምኩትን ስነግረው ትንሽ አሰበና፣ «እህቴ፣ ይሄ የመኪናዋ ነው ወይስ የጎማዋ?» አለኝ። ፊቴን አይቶ ደነገጠ መሰለኝ፣ ወዲያው «አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ ለሁሉም ልኩ አለው» አለ።

የመጀመሪያዋ መኪና የአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች። እስኪ እንሞክራት ተባለና ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ደሴ ላይ የሚሸጥ መኪና ሁሉ የሚሞከረው ወደ ኮምቦልቻ ነው። ማን እንደደነገገው አይታወቅም፤ የሚጠይቅም የለም። ቁልቁል ነዋ። ሐረጎን ሲወርድ የማይፈጥን ምን አለ? ቁም ሳጥናችንን ብትለቁት ከሁሉም ቀድሞ ኮምቦልቻ ይገባል። ሰይድ ከኋላ ሆኖ «አየሽልኝ? ድምፅ እንኳ የላት» ይለኛል። ሞተሯ መጥፋት አለመጥፋቷን እየተጠራጠርኩ «አዎ» እላለሁ። ኮምቦልቻ ጁስ ጋበዙኝ። በልቤ «እስኪ አሁን ወደ ላይ እንመልሳት» እያልኩ ጁሱን ጨረስኩ፤ ከልቤ ወደ አፌ ሳይደርስ ሰውዬው ሰዓቱን አይቶ፣ እሱ እዚያ ጉዳይ እንዳለውና እኛ በሚኒባስ እንድንወጣ፣ መኪናዋም ትንሽ ብታርፍ ጥሩ እንደሆነ ነገረን።

«መኪና ያርፋል እንዴ?» አልኩት ሰይድን፣ ሰውዬው ከሄደ በኋላ።

«ሰውም ከወረደ በኋላ ይደክመዋል» አለኝ።

ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ወጣሁ።

ሁለተኛዋ ኮምቦልቻ ያለ የአንድ ቤተሰብ መኪና ነበረች። ባልየው ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ነው። ጴንጤዎች ናቸው፤ ቤታቸው ንጹሕ፣ ልጆቻቸው ሥርዓት ያላቸው፣ ሳሎናቸው ጥግ ላይ ጊታር የተደገፈበት። ሻይና ዳቦ ቀረበ። መኪናዋን በደንብ እንዳየሁ አድርጌ ዞርኳት፤ ጎማዋን በጫማዬ ጫፍ መታ አደረግኩ፤ ለምን እንደሚደረግ አላውቅም፣ ሲያደርጉ አይቼ ነው። ልጠይቅ ስል ሚስትየዋ «እህቴ፣ ከዋጋው በፊት እንጸልይ» አለችኝ። ቆምን። ባልየው ዓይኑን ጨፍኖ መኪናዋ ለተዘጋጀላት ሰው እንድትሆን፣ በመንገዷ ሁሉ ጥበቃ እንዳይለያት ጸለየ። ደስ የሚል ጸሎት ነበር። «አሜን» አልኩ። አሁን እናንተ ብትሆኑ፣ በተዘረጋው እጅ መካከል ቆማችሁ አሜን ካላችሁ በኋላ፣ «ዘይት ታፈሳለች ወይ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? አስቤ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። አስቤ ስመለስ ተሽጣለች። የገዛት ነጋዴ ጥያቄውን ሁሉ ከጸሎቱ አስቀድሞ ጨርሶ ነበር አሉ። ጸሎቱ ለተዘጋጀላት ሰው የሚል ነው፤ እንግዲህ ተሰምቷል።

ከእሷ በኋላ ያየኋቸውን አልዘረዝርም። ለራሴም አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። ሁሉም ቤት አስቀድሞ ይበላል፤ ከተበላ በኋላ መጠየቅ ነውር ይሆናል። ወሎ ውስጥ መኪና ሲገዛ ሞተሩን ከማየት ሌማቱን ማምለጥ ይከብዳል። ደከመኝ። የሚያደክመው መኪናው አይደለም፤ ሰው አላምንህም ሳይሉ ሰውን መጠራጠር ነው። እሱን በየትኛውም ምዕራፍ አላገኘሁትም።

አንድ ቀን ሰይድ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጣ። መጽሐፍ የሚያነቡትን ላለመረበሽ ብሎ በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም እየሰማው፣ «አንዲት አለች። ለአንቺ ብር ልክ ናት» አለኝ።

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?»

«ባለቤቷ ሐጂ ሙሔ ጥሩ ሻጭ አይደሉም።»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ይናገራሉ።»

ሐጂ ሙሔ ቤታቸው ከእኛ ሰፈር አይርቅም። ረጅም፣ ቀጭን፣ በአንድ ወቅት የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ ትንሽ፣ ቀለሟ የፈዘዘ። ስሟን አልጠራም፤ የሠሯት ሰዎች ምንም አላጠፉም፣ ዕድሜ ነው። የአንገቴን ማተብ አዩና ሥጋውን ገለል አስደርገው ጭኮና ሻይ አስቀረቡልኝ። በላሁ። ያው አበቃልኝ አልኩ።

ሐጂ ግን እኔ ሳልጠይቃቸው ጀመሩ። «ልጄ፣ ሀቂቃውን ልንገርሽ። የግራ በሯ ከውስጥ አይከፈትም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርገሽ በውጭ ነው የምትከፍች። ዝናብ ሲጥል መጥረጊያዋ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ያያል።»

«እሱ ቀላል ነው፣ ቀላል ነው» አለ ሰይድ።

«ሦስተኛ ማርሿ ከተቆጣሻት አትገባም፤ አባብለሽ ነው።»

«ሐጂ፣ ሻይዎ ቀዘቀዘ።»

«ፍሬኗ ደህና ነው፤ በፍሬን አልቀልድም። ደግሞ ኮምቦልቻ ትወርዳለች፣ ያን ቀን ግን አትወጣም።»

ሰይድ ጭንቅላቱን ያዘ። «ሐጂ፣ ኧረ በነቢ! እኔም እኮ ልጆች አሉኝ።»

«መርሐባ፣ ያሳድግልህ» አሉት ሐጂ ረጋ ብለው፣ ወደ እኔም ዞረው ቀጠሉ። «ቀን ላይ ታች ሐሩር ነው። ሐረጎ ግማሽ ሳትደርሽ ትፈላለች። ማታ ደግሞ ጉም ይወርዳል፣ መብራቷም ደካማ ነው፣ አይታመንም። ንጋት ላይ፣ አየሩ ቀዝቀዝ እንዳለ ከተነሳሽ ግን እንደ ፍየል ነው የምትወጣው። አድራ ነው እንጂ እንደወረደች አትወጣም።»

እኔ እንዲህ ያለ ሻጭ አይቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ነውር ሲያወጡ አንዱንም ለመደበቅ አልሞከሩም፤ ስለ መኪናዋ ያልተነገረኝ ነገር የቀረ አልመሰለኝም። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ሰይድ እጁን ከጭንቅላቱ ላይ አላወረደም። ዶሮዋን፣ የኩታበሯን ሴትዮ፣ የእማዬን ጣቶች አስታወስኩ። «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለምን ይሸጧታል?» አልኳቸው።

ማንም አልቆነጠጠኝም።

ሐጂ የሻዩን ብርጭቆ ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። «አሊ የሚባል ወዳጅ ነበረኝ፣ ታች፣ ኮምቦልቻ» አሉ። «የቢስቲማ ልጆች ነን። አንድ ላይ ቁርአን ቀርተን፣ አንድ ላይ ነግደን፣ እሱ ታች ቀረ፣ እኔ ላይ ወጣሁ። ስወርድ እሱ ቤት ነው የማድር። ረመዳን ሊገባ ሲል ሞተብኝ። አሁን ኮምቦልቻ የማድርበት ቤት የለኝም። ካላደረች የማትወጣ መኪና ምን ታደርግልኛለች?»

ኮምቦልቻ ሆቴል ሞልቷል ልላቸው ነበር። እንኳን አላልኩ።

መኪናዋን ገዛኋት። ሰይድ እስከ ዛሬ አልገባውም። ነውሯን ሁሉ ሰምቼ፣ የተጠየቀውን ዋጋ ሳልከራከር ገዛኋት። ለምን እንደምትሸጥ ካወቅኩ በኋላ ሌላው ሁሉ ቀላል ሆነብኝ። ዱዓ ተደረገ፣ ሐጂ «አላህ ይወፍቅሽ» አሉኝ፣ «አሚን» አልኩ። በዚያ ዓመት በመኪና ጉዳይ በሁለት ሃይማኖት አሚን ብያለሁ።

እሁድ፣ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ወረድን። እግሯን እንደልቧ ዘርግታ ተቀምጣለች። ስለ መኪናዋ ጠባይ አልነገርኳትም፤ ብነግራት አትነሳም ነበር። አክስቴ በሩ ላይ አቅፋት ረጅም ጊዜ አለቀቀቻትም። ምሳ ተበላ። እማዬ ከልማዷ ወደ በሩ ተመለከተች፤ የሚጠብቅ ሰው የለም። ቢሆንም ትንሽ ቆይታ ነጠላዋን አስተካከለችና «በሉ እንግዲህ» አለች።

«እማዬ፣ መኪናዋ አትወጣም።»

«እንዴት አትወጣም? አሁን መጥታ?»

«ስትወርድ ትወርዳለች። ስትወጣ ቀን ላይ ትፈላለች። ነገ ንጋት ላይ ነው።»

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ጣሪያው። «ስንት ዓመት አስተምሬሽ፣ ይችን መርጠሽ ገዛሽ?»

«እውነት ነው፣ ምን ዓይነት መኪና ነው የገዛሽልን?» አለች አክስቴም። ፊቷን ግን ብታዩት፤ ልትቆጣ ትሞክራለች፣ ፊቷ እሺ አይላትም።

«ቤቴስ?» አለች እማዬ።

«ቁም ሳጥኑ ይጠብቀዋል» አልኳት።

እማዬ ተነፈሰች። ሰው ሁሉ ይስማልኝ፣ በፈቃዴ አይደለም የሚል ትንፋሽ ነው። «እንግዲህ መኪናው አልወጣ ካለ ምን ይደረጋል» አለች፤ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። የማይታጠፈው ጉልበቷ ስላስቸገራት አክስቴ መሬት ቁጭ ብላ አወለቀችላት። ጫማውንም በር ላይ አላኖረችውም፤ ከአልጋው ስር አርቃ ገፋችው።

ጠዋት ሳያቸው የሁለቱም ድምፅ ጎርንኗል። ምን ሲያወሩ እንደቆዩ አልጠየቅኩም። መኪናዋ ሐረጎን እንደ ፍየል ወጣች። ቤተ መጻሕፍቱን በሰዓቱ ከፈትኩ።

እንዲህ ሆኖ ወር በገባ ቁጥር መውረድ ጀመርን። እማዬ በየጊዜው መኪናዋን ትረግማለች፣ በየጊዜው ታድራለች።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን አንድ ቀን ፍሬኗን ላሳይ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈኗን ከፍቶ ጎንበስ አለና ሳቀ። መፍላቷ ትልቅ ነገር እንዳልሆነ፣ ራዲያተሯ ስለተደፈነ ብቻ እንደሆነ፣ ጠዋት ባመጣለት ከሰዓት እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። «ከዚያ በኋላ በቀትር ፀሐይ ደርሶ መልስ ናት» አለኝ፣ ደስ ይላታል ብሎ። ያንኑ የለመድኩትን መለስኩለት፤ አስቤ እመለሳለሁ።

ይህ ነገር ከነከነኝ። ሐጂ ሙሔ እውነተኛ ሰው ናቸው፤ ይህን ያህል ዓመት ማንም ሳይነግራቸው ቀርቶ ተንገላቱ ማለት ነው ብዬ አዘንኩላቸው። ዒድን ምክንያት አድርጌ ልጠይቃቸው ሄድኩና የመካኒኩን ነገር እንደ ምሥራች ነገርኳቸው።

ሐጂ ጢማቸውን አሻሹ። «ራዲያተር ነው አለሽ?»

«አዎ ሐጂ። ቀላል ነው አለ። ያን ጊዜ የሚነግርዎት ሰው አጥተው ነው እንጂ—»

«አሊ ጋራዥ እንደነበረው አልነገርኩሽም?»

አልነገሩኝም ነበር።

«የኮምቦልቻን መኪና ሁሉ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው» አሉ። «የኔዋን አንድ ቀን ኮፈኗን ከፈተ፤ አያት፤ መልሶ ከደናት። 'ምን ሆናለች?' አልኩት። 'ይቺ እንኳ ማደር አለባት' አለኝ። እኔም አልጠየቅኩት፣ እሱም አልነገረኝ።» ሳቃቸው ሳል ሆነ። «ላሠራት ብል ኖሮ ምን ብዬ አድር ነበር? የልጆቼ እናት፣ አላህ ይዘንላት፣ ቤትህን ጥለህ ሰው ቤት ምን ታደርጋለህ ትለኝ ነበር። መኪናዋ አልወጣ አለች ስላት ግን መልስ አልነበራትም።»

ከእሳቸው ቤት ወጥቼ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ወዲያው አላስነሳኋትም። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ የተደፈነ ራዲያተር ዕድሜ ልካቸውን ተገናኝተውበታል። እኔ መጽሐፍ ገልጬ፣ ደላላ ይዤ፣ ስንት ጁስ ጠጥቼ፣ አስተማማኝ መኪና ስፈልግ ነበር። አገኘኋት። አንድ ቀን እንኳ ከሰዓት ወጥታ አታውቅም፤ ከዚህ በላይ ምን መተማመኛ አለ?

ባለፈው ስንዘጋጅ እማዬ «ኧረ ይችን መኪና መካኒክ ጠይቂላት» አለችኝ።

«ጠይቄያለሁ።»

«ምን አለ?»

«ከባድ ነው አለ።»

እማዬ ከንፈሯን መጠጠች። ጋቢዋ ግን ቀድሞ ታጥፎ፣ ፌስታል ውስጥ ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

ወስኛለሁ፤ አላሠራትም። በሯም፣ መጥረጊያዋም፣ ማርሿም ተራቸውን ጠብቀው ይሠራሉ፤ ራዲያተሯ እንደተደፈነ ይቆያል። አንድ ቀን እኔ ልሸጣት መሆኑን የሰማችሁ እንደሆነ ግን፣ መጥታችሁ ነውሯን ሁሉ ጠይቁኝ፣ አንዱንም አልደብቃችሁም። ለምን እንደምሸጣት ብቻ አትጠይቁኝ።